ብራዘር ሳልቩ አልምልም ያለ ዕለት

ይህ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ይሁን አይሁን እኔ ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚህ ዕድሜዬ የአንደኛ ዓመት የማታ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «ከኖራችሁበት ዘመን አንድ ትዝታ ጻፉ» ሲሉን፣ ልጆቼ የሚሆኑት የክፍል ጓደኞቼ ምን እንጻፍ ብለው ተጨነቁ፤ እኔ ደግሞ የቱን ልተው ብዬ ተጨነቅሁ። በእኛ በወሎ ሦስት ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ሸኝታ አንዱን እንኳ ያልተቀበለች እናት ሞልታለች። ከእሷ ታሪክ አጠገብ፣ አንድ የባሕር ማዶ ሰው መንደራችን መጥቶ የውኃ ገንዳ ስለ መሥራቱና አንድ ቀን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አልሰጥም ስለ ማለቱ መጻፍ ምን ይረባል? ጥይት አልተተኮሰበትም፤ የሞተም የለም። ነገር ግን ሌላ ልጽፍ በጀመርሁ ቁጥር እጄ እየዞረ ወደዚያው ሄደብኝ። ስለዚህ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ለይቼ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ሽታ ነው። ወልድያ ውስጥ ከባጃጅ ወርጄ ወደ ክፍል በምሄድበት መንገድ ዳር አዲስ ፎቅ እየተሠራ ነው። ባለፈው ሳምንት ሠራተኞቹ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ውኃ ሲረጩ፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ፊቴን መታኝና የአጥሩን ቆርቆሮ ይዤ ቆምሁ። አብራኝ የምትማረው ልጅ ክንዴን ይዛ «እማማ ዘሃራ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። «ሲሚንቶ ሸተተኝ» አልኳት። «ሲሚንቶ የሚያስፈራው ሰው ገና ዛሬ አየሁ! ዋጋውን ሰምተው ነው?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ግን ወደ ክፍል የሄድሁት መንገዱን ተሻግሬ በማዶው በኩል ነው። ሰው ባሩድ ሸቶት ቢደነግጥ ማንም ይረዳዋል። እኔን የሚያስደነግጠኝ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ።

የዚያን ጊዜዋ መርሳ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እንደ ዛሬው አልሰፋችም ነበር። አውቶቡስ ሲቆም ብርቱካንና ማንጎ በሳህን ተሸክመን በመስኮቱ ሥር እንሻማለን። አምስት ብርቱካን በሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ አንዳንዱ መንገደኛ ብርቱካኑን ከተቀበለ በኋላ ኪሱን ሲፈትሽ፣ ሲፈትሽ፣ አውቶቡሱ ይነሣል። እግራችን ላይ ኮንጎ የምንላት ጥቁር የፕላስቲክ ጫማ ነበረች፤ በፀሐይ ስትግል ሥጋ ታቃጥላለች። ቀሚሳችን ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ የኅብረት ሱቁ የሚያመጣው አንድ ዓይነት ጣቃ ጨርቅ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ዓመት የመርሳ ሴት በሙሉ ቢጫ አበባ ለብሳ ከሩቅ ስትታይ የአደይ መስክ ትመስል ነበር። ከመንገዱ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት በቴፕ አምባሰል ይንቆረቆራል፤ ባለቤቱ ባትሪ እንዳያልቅበት ካሴቱን በእስክርቢቶ እያሽከረከረ ነበር የሚያጠነጥነው። ታዲያ በሲሪንቃ በኩል የኡራል፣ የወታደር ጭነት መኪና፣ ድምፅ ሲሰማ ቴፑ ይዘጋል። ወንድ የተባለ፣ ጢሙ ያቀመቀመም ሆነ የሸበተ፣ ውኃ አሸዋ ውስጥ እንደሚሰርግ ከመንገዱ ይጠፋል። አፈሳ ነው፤ ወንዱን ለጦር ግንባር ሊለቅሙ መጥተዋል። እኛ ሴቶቹ ብርቱካናችንን ይዘን እንቀራለን፤ ወታደሮቹም ገዝተው ይበላሉ፤ ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፣ እነሱም ይፈራሉ።

ብራዘር ሳልቩ በዚያ ዘመን መርሳ ከአስፋልቱ በላይ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ማልታ ከምትባል ደሴት የመጣ የካቶሊክ መነኩሴ ነው። ቄስ ግን አልነበረም፤ አይቀድስም፣ አያናዝዝም። በሕይወቱ ሙሉ በእጁ ሠርቶ ሰው ለማገልገል የተሳለ ሰው ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ሁለት ካኪ ሱሪ፣ አንድ ብስክሌትና ከእጁ የማይለየው የግንበኛ ውኃ ልክ ነበር። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ በፀሐይ ተልጦ ሁልጊዜ የቀላ። ሀገሩ ወንዝ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ እያንዳንዱ ቤት ከሥሩ ዐለት ተፈልፍሎለት የዝናብ ውኃ እንደሚያጠራቅም ይነግረን ነበር። ከመርሳ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ሴቶቹ ለአንድ እንስራ ውኃ የሰዓት መንገድ መሄዳችንን ባየ ጊዜ «እናቴም እንዲህ ብትሄድ ኖሮ እኔን አትወልድም ነበር» አለና ገንዳ ልሥራላችሁ ብሎ ተነሣ።

አማርኛ የተማረው ከሽማግሌዎች ስለሆነ ለሁሉም «አንቱ» ይላል። አንድ ቀን አሸዋ የጫነችው አህያ ተኝታበት «አንቱ አህያ፣ እባክዎ ይነሡ» ሲላት የሰማን ሴቶች መሬት ላይ ተንከባለልን። እኛ ግን አንቱ እንዳንለው ለምኖናል፤ ስለዚህ እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ። ድንጋይ ጣቱን ሲጨፈልቀው «አላ ታዬ!» ብሎ ይጮኻል። በሀገሩ ቋንቋ ፈጣሪን አላ ነው የሚሉት፤ «አምላኬ» ማለቱ ነው። የመንደራችን ትልቅ ሰው ሸህ እንድሪስ ይህን የሰሙ ዕለት በጣም ደስ አላቸው። «ካቶሊክ ነው ትሉኛላችሁ፤ ይኸው አላህን በስሙ ይጠራል። ዝም ብላችሁ አሸዋውን አቀብሉት!» አሉ።

አንድ የማይገባን ጠባይ ነበረው። አይምልም። እኛ ሀገር ደግሞ ሳይምሉ ሽንኩርት እንኳ አይሸጥም። «ወላሂ ከዚህ በታች አልሰጥህም፣» «እናቴ ትሙት እኔም በዚሁ ነው ያመጣሁት፣» «ስለ ገብርኤል ቅቤው ንጹሕ ነው» እየተባለ ነው የሚኖረው። እሱ ግን ወይ «ነው» ይላል፤ ወይ «አይደለም» ይላል፤ ያበቃል። መጀመሪያ ነጋዴዎቹ «የማይምል ሰው የሚደብቀው አለው» ብለው ጠረጠሩት። ኋላ ግን ሠራተኛው ሁሉ፣ ብራዘር ነገ የሥራ ዋጋችሁ እህል ይመጣል ካለ እንደሚመጣ፣ አይመጣም ካለ እንደማይመጣ አየ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው ሲከራከር «ብራዘር ብሎታል?» መባባል መጣ። ብሎት ከሆነ ክርክሩ ያልቃል። ይህን በደንብ መጻፍ ያለብኝ፣ ኋላ የመጣብን ነገር ሁሉ ከዚህ እምነት ስለመጣ ነው።

ታናሽ ወንድሜን ሰይድን በአፈሳ የወሰዱት ከገበያ ሲመለስ ነው። ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፋ። እናቴ ፋጡማ ከእያንዳንዱ አውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ፊት እያየች ትመለሳለች። የገንዳው ግድግዳ አልቆ ጣራው፣ ግንበኞች ሶሌታ የሚሉት ሲሚንቶ፣ ሊፈስስ በተዘጋጀበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከሌሎቹ ሴቶች ቀድሜ ግድግዳውን ውኃ ላጠጣ ሄድሁ። ከገንዳው ውስጥ «ዘሃራ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጂን መስሎኝ ጣሳውን ጣልሁት። ሰይድ ነበር። ከጦሩ ጠፍቶ፣ ሰባት ቀን በዱር ተጉዞ መጥቷል። ከመክሳቱ የተነሣ ከእጁ በቀር ያወቅሁት ነገር አልነበረውም። ለእናቴ አልነገርኳትም። እናቴ የልቧን ፊቷ ያወራባታል፤ ልጇን ብታይ መንደሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያውቃል። ሲሚንቶው እስኪጠነክር ጣራውን ደግፈው በያዙት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መሐል፣ ጥግ ላይ ተኛ አልሁት። ሶሌታው ከላዩ ላይ ፈሰሰ። ለመግቢያ የተተወችው ቀዳዳ አንድ ሰው በጭንቅ የምታሳልፍ ነበረች።

በማግስቱ ብራዘር ሳልቩ ቋሚዎቹን ለማየት በቀዳዳዋ ወረደ። እላይ ሆኜ ጠበቅሁ። ወትሮ ቶሎ ይወጣ የነበረ ሰው ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። በማግስቱ ግን ለምሳው ከሚይዘው አንድ ዳቦ ፋንታ ሁለት ይዞ መጣ፤ አንዱን ቀዳዳዋ አጠገብ «ረሳው»። እኔም ማወቁን አወቅሁ። ስለዚያ ነገር እኔና እሱ አላወራንም፤ አንተያይምም ነበር።

ሶሌታውን ከላይ በለሰንበት ጠዋት ወታደሮቹ መጡ። ሁለት ኡራል ነበሩ፤ ወንዱ ሳይበተን መንደሩን ከበቡት። መቶ አለቃው ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ደም ለብሷል። «ሰይድ የሚባል ከዳተኛ ወደዚህ ገብቷል። አብሮት የጠፋው ተይዞ ነግሮናል። አውጡት። አለዚያ ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ እወስዳለሁ፤ ቤቱንም እበረብራለሁ» አለ። አልጮኸም። ባለመጮኹ ይበልጥ ፈራሁት።

ሸህ እንድሪስ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ መበርበሩ ይቅር። የሴት ጓዳ አይደፈር። እኛ ከአባቶቻችን የቆየ ወግ አለን፤ አውጫጭኝ እንቀመጥልህ።»

«አውቀዋለሁ» አለ መቶ አለቃው። «እኔም የገጠር ልጅ ነኝ።»

አውጫጭኝ ማለት የመንደሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ማንም ወደ ቤቱ ሳይሄድ፣ እያንዳንዱ ተነሥቶ ያየውንና የሰማውን በመሐላ የሚናገርበት ነው። ሰፊው ሜዳ ደግሞ የገንዳው አጠገብ ነበር። ተቀመጥን። እስላሙ በአረንጓዴ ጨርቅ በተጠቀለለው ቁርአን፣ ክርስቲያኑ በቄሱ መስቀል ይምል ጀመር። «ያየሁትን ብሸሽግ፣ የሰማሁትን ብደብቅ ዘሬ አይብቀል!» እያለ ሁሉም አለፈ፤ እውነታቸውን ነበር። ተራዬ ደረሰ። ሰይድ ካለሁበት አሥር እርምጃ አይርቅም፤ ድምፄን ይሰማል። የሲሚንቶው ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶታል። እጄን ቁርአኑ ላይ አስቀምጬ «ወላሂ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ዘሬ አይብቀል» አልሁ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ኋላ ሦስት ልጆች ስወልድ፣ በእያንዳንዱ ምጥ ያ ቃል ትዝ ይለኝ ነበር።

እናቴም ማለች። የእሷ እውነት ነበር። መቶ አለቃው ግን ራሱን ነቀነቀ። «እናት ልጇን አትሰጥም። ያንቺን መሐላ አልቀበልም።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች። «ልጄን ወስዳችሁ የት እንደጣላችሁት ንገሩኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ! እኔን ካላመንህ ብራዘርን ጠይቀው! ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ነው የሚውለው። እሱ አይዋሽም። እሱ አላየሁም ካለህ ታምናለህ?»

ሜዳው ተነቃነቀ። «እውነቷን ነው! ብራዘርን ጠይቁት!» «የእሱ አንድ ቃል የእኛን መቶ መሐላ ይበልጣል!» «እንዲህ ያለ ምስክር እያለን እስካሁን ምን እንለፋለን!» ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ ነገሩ አለቀ ብሎ ነጠላውን ማራገፍ የጀመረም ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ደሙ የቀዘቀዘ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ እኔና እሱ።

ብራዘር ሳልቩ የሶሌታው ጠርዝ ላይ ሆኖ ልስኑ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ እያለበሰ ነበር። መቶ አለቃው ጠራው። «ና ብራዘር። ማልና እንገላገል።»

«አልምልም» አለ።

ሰው ሳቀ። «ጠባዩ ነው፣ ጌታው! እሱ አይምልም፤ እንዲሁ በቃሉ ይናገር!»

መቶ አለቃውም ፈገግ ሊል ቃጣው። «እሺ፣ አትማል። ሰይድን አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?»

ከጆንያው ውኃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማኛል። የብራዘር ሳልቩ ከንፈር ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። «ይህን ጥያቄ አልመልስም» አለ።

ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ። «ብራዘር!» አለች እናቴ። «አላየሁም በለው እንጂ! ምን ነካህ?» ቀና ብሎ አያት። ብዙ አላያትም፤ ግን የእናቴ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኗ ከእሱ ወደ እኔ መጣ፤ ከእኔ ደግሞ ወደ ጆንያው ወረደ። ያን ጊዜ አወቀች። ልጇ በሕይወት መኖሩንና እሷ ራሷ አሳልፋ ልትሰጠው መሆኑን በአንድ ትንፋሽ አወቀች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀመጠች።

አንድ ወታደር የእናቴን ዓይን ተከትሎ ወደ ሶሌታው ወጣ። ቡትስ ጫማው ልስኑ ውስጥ ሰመጠ። «እርጥብ ነው! እርጥብ ነው!» ብሎ ጮኸ ብራዘር ሳልቩ። ይህን ጊዜ ምንም የማያውቁት ሴቶች በቁጣ ተነሡ። «ኧረ ይህ ዓይነ ደረቅ! ስድስት ወር አሸዋ የተሸከምንበት ነው!» «እናትህ ውኃ አትቀዳም እንዴ? ውረድ!» ወታደሩ ግራ ገብቶት አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ። ከቀዳዳዋ አንድ እርምጃ ነበር የቀረው።

መቶ አለቃው ዳና የታተመበትን ልስን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እናቴን አየ። «ውረድ ከዚያ» አለ። «የሰው ውኃ ነው።» ወደ ብራዘር ሳልቩ ዞሮ «አንተ ግን ትሄዳለህ። የሚያውቀውን ያልተናገረ ሰው ትቼ ብመለስ እኔም እጠየቃለሁ» አለው። ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ አዝኖ ይሁን ደክሞት፣ እስካሁን አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም።

ኡራሉ ላይ ሲያወጡት እግሩ ሁለት ጊዜ ከመወጣጫው ተንሸራተተ። ደፋር አልመሰለም። መኪናው ሲነሣ ግን ዞሮ ጮኸ። «ዘሃራ! ሃያ አንድ ቀን! ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጡት!»

ሰይድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣ። እናቴ አቅፋው ፊቱን በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው፤ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ቆላ ሸኘነው። ሸህ እንድሪስ ስለ መሐላዬ አልቅሼ በነገርኳቸው ጊዜ «ሦስት ቀን ጹሚ፤ አላህ መሐሪ ነው። ልማድ ግን አታድርጊው» አሉኝ። ሴቶቹም ሃያ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከወንዝ በእንስራ እያመጣን፣ ሶሌታውን ጠዋትና ማታ አጠጣነው። ማንም አልቀረም። የቡትሱን ዳና ግን የሚደፍነው ሰው አልነበረም፤ ደረቀ። በቅርቡ ደግሞ፣ ያ ሁሉ አለፈ ብዬ ሳለ ጦርነት ተመልሶ መጣ። ወልድያ ያለ መብራትና ያለ ቧንቧ ውኃ ስትቀር፣ የልጅ ልጆቼን ይዤ ወደ መንደሩ ሸሸሁ፤ የጠጣነው የዚያን ገንዳ ውኃ ነው። ትንሿ ልጅ በዳናው ውስጥ ከተጠራቀመው ዝናብ ወፍ ስትጠጣ አይታ «ይህ የማን ጫማ ነው?» አለችኝ። «የሚቸኩል ሰው ጫማ ነው» አልኳት፤ በሩቁ መድፍ ይሰማ ነበር።

ወደ ያኔው ልመለስ፤ ብራዘር ሳልቩን ወልድያ ካቆዩት በኋላ ወደ ደሴ ወሰዱት ተባለ። ይህን የሰማሁት ነው። አንዱ ተገደለ ይላል፤ አንዱ ወደ ሀገሩ ላኩት ይላል። ክረምቱ ገባና ገንዳው ሞላ። መንደሩ እልል አለ። እናቴ ግን ቁርአኑን አስመጥታ፣ በሁላችን ፊት «ወላሂ፣ እሱ ሳይቀምሰው ከዚህ ውኃ አንድ ጉንጭ አልጠጣም» ብላ ማለች። ብንለምናት እንቢ አለች። «እሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ገንዳው ደጃፋችን ላይ ሞልቶ እያለ፣ እንስራዋን አዝላ የሰዓት መንገድ ወደ ወንዝ ትሄዳለች። ዓመት አለፈ። ወገቧ ጎበጠ። እኔ ከኋላዋ እያየሁ፣ ያ ሰው ሞቶ ከሆነ እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ ይህን መንገድ ልትሄድ ነው ብዬ እፈራ ነበር።

ጦርነቱ አልቆ እስር ቤቶች ሲከፈቱ፣ ሁለተኛው ክረምት ገብቶ ነበር። በገበያ ለት አንድ የጭነት መኪና መርሳ ላይ አንድ ሰው አወረደ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፤ የግራ ጫማው በገመድ ታስሯል፤ ትከሻው ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ብርቱካኔን ጥዬ ሮጥሁ። «ዘሃራ» አለኝ፣ ሰላም ሳይለኝ፤ «አጠጣችሁት?» «ሃያ አንድ ቀን» አልሁት። ወደ መንደር ስንወጣ ዓመት ተኩል በሆዴ የያዝሁትን ጠየቅሁት። «እኔ ዋሽቼ ማልሁ፤ ሰይድም ዳነ። አንተ አንድ ቃል ብትል ኖሮ ከዚህ ሁሉ ትድን ነበር። ለምን አላልህም?» ጎንበስ ብሎ የጫማውን ገመድ አጠበቀ። «ደፋር ስለሆንሁ እንዳይመስልሽ» አለኝ። «ፈርቼ ነው። አላየሁም ልል ፈለግሁ፤ ግን አፌን ብከፍት የትኛው እንደሚወጣ አላወቅሁም። ስለዚህ ዘጋሁት።»

ከዚያ በኋላ በወረዳችን በሐብሩ ቀበሌዎች ስድስት ገንዳ ሠርቶ፣ ጉልበቱ ሲደክም አለቆቹ ወደ ደሴቱ መለሱት፤ እዚያው ማረፉን ሰምተናል። ሰይድ ዛሬ ወልድያ ውስጥ የባጃጅ ዕቃ ይሸጣል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ያለበትን መንገድ እሱም ይሸሻል።

በተመለሰበት በዚያ ዕለት ግን መንደሩ ሁሉ ሜዳው ላይ ወጥቶ ጠበቀን። ብራዘር ሳልቩ ማንንም ከመሳሙ በፊት ሶሌታውን በጣቱ አንኳኳ፤ ውኃ ልኩን አስመጥቶ አስቀመጠበት፤ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ በጣሳ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣና ጣሳውን መልሶ ዘረጋላት። «አንቱ እናት፣ ደግሞ እርስዎ» አላት። በሁለት እጇ ተቀበለችው፤ «ቢስሚላህ» ብላ እስከ ታች ጨለጠችው፤ ከዚያም መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት፣ ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ነበር።